ተማሪዎቼን መጀመሪያ ቡና መጋዘን ነው የምወስዳቸው

ለልምምድ ጅማ የሚመጡልኝን የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው ወደ ሥራውና ወደ ዕለት ኑሮው እንዲመለስ የሚያግዝ የጤና ሙያ ነው) ተማሪዎች መጀመሪያ ሆስፒታል አልወስዳቸውም። ቡና መጋዘን እወስዳቸዋለሁ። አንድ ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ጠዋቱን ሙሉ ማንንም አያክሙም፣ ማንንም አይመክሩም። ያያሉ፣ ይጽፋሉ፣ በቃ።

አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። ነጭ ጋዎኑን አጥቦና ተኩሶ የመጣ ልጅ አቧራ ውስጥ መቆም አይወድም። ባለፈው አንዷ «እኛ እኮ የጤና ባለሙያዎች ነን» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ሆስፒታል የጀመረ ተማሪ ቀድሞ የሚታየው እጅ ነው፤ ስንት ዲግሪ ይታጠፋል፣ ምን ያህል ይጨብጣል። ሥራ ቦታ የጀመረ ተማሪ እጁ ምን ሲያደርግ እንደሚውል ያያል። በኋላ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሲገጥመው «ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። «ቡና ለቀማ» ሲባል ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ግን ጎንደር ነው። በአገራችን የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ዲግሪ የከፈተው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ። ሙያው ለአፍሪካም አዲስ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1943 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ጋ ገና ለጋ ስለሆነ ግን ከሆስፒታል ውጭ የመሥራቱን ልማድ አሁን ካልያዝነው ሁላችንም ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ተሰብስበን እንቀራለን። የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን አንድ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ልምምድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ጥሩ። የእኔ ጭቅጭቅ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ከሆስፒታል ግቢ ውጭ ያልፋል የሚለው ነው።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። ለቃሚዋ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ደረቷ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ግራ እጇ ቡናውን ይበትናል፣ ቀኝ እጇ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ይለቅማል። አንገቷ ቀና የሚለው ጓደኛዋ ስታወራት ብቻ ነው። መብራቱ ከጀርባዋ ስለሆነ የራሷ ጥላ ቡናው ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ይበልጥ ታጎነብሳለች። ይቺን የጥላ ነገር ያየችው ያቺ ቅር ብሏት የነበረችው ተማሪ ናት። ደስ አለኝ።

(የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሲወጣ እንዴት እንደሚያምር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቡና ጠጥቶ ለሚነሳ እንግዳ የሚሆን ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ወገብ ግን አልተሠራም።)

ተማሪዋ ከሰዓት በኋላ ሐሳቧን አቀረበች። ከፍ ያለ ጠረጴዛና ወንበር ይሠራ አለች። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ለቃሚዋ በጥሞና ሰማቻትና «የኔ ልጅ፣ ጠረጴዛው ጥሩ ነበር» አለቻት። «ግን ጆንያውን እዚያ ላይ ሳወጣና ሳወርድ የሚያልፈውን ጊዜ ማን ይከፍለኛል?» ክፍያው በኪሎ ነው። ደቂቃ የሚበላባት ነገር ሁሉ ከእራቷ ላይ ይቀነሳል። ይህን ክፍል ውስጥ ሆኜ ብናገር ማንም አይጽፈውም ነበር።

ተማሪዎቹ እንደገና አሰቡበት። በርጩማው ከሥሩ እንጨት ተመትቶለት ከፍ ይበል። መቀመጫዋ ዞሮ መብራቱ ከጎን ይምጣላት። የተለቀመውን አጠራቅማ አንዴ ከመውሰድ ትንሽ ትንሽ አድርጋ ሚዛን ጋ ትመላለስ፤ በዚያውም ከመቀመጫዋ ትነሳለች፣ ወገቧ ይፍታታል። ለቃሚዋ ተስማማች። ሚዛን ያዡ ተነጫነጨ፤ ሥራ በዛበታ። እሱንም ማሳመን የሥልጠናው አካል ነው።

የእንጨት ሥራ ቤቱ ሌላ ነገር ነው። አንድ ወጣት የመጋዝ ማሽን ሁለት ጣቱን ወስዶበታል። ቁስሉ ሲደርቅ ድነሃል ተብሎ ከሕክምና ተሰናበተ። ምን ሠርተህ ትበላለህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ተማሪዎቹ የመሮውን እጀታ በአሮጌ የባጃጅ ከመነዳሪ ጠቅልለው አወፈሩለት። ወፈር ሲል በቀሩት ጣቶች ይያዛል፤ ጎማው ደግሞ አያንሸራትትም። ሥራውን ከመፈልፈል ወደ ማለስለስና ቀለም መቀባት እንዲያዞር ከሥራ ቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋገሩ።

ለዚህ ንግግር ሲባል ተማሪዎቼ ከአናቶሚው እኩል አዋጅ እንዲያነቡ አደርጋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ አደጋ ማስተማር፣ መከላከያ ማቅረብ፣ የደኅንነት ኮሚቴ ማቋቋም እንዳለበት ይደነግጋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ የሥራ ቦታው ለሠራተኛው እንዲመች የማድረጉን ኃላፊነት አሠሪው ላይ ይጥላል። ሦስት ሰው የያዘ የእንጨት ቤት ኮሚቴ ከየት ያምጣ? እኔም እጠይቃለሁ። አዋጁን እንደ ዱላ ይዞ የገባ ተማሪ ደግሞ ሁለተኛ በሩ አይከፈትለትም። አውቆ መግባት ግን አለበት።

ተማሪዎቹ ታካሚ ቤት ድረስ ሄደው የሚሠሩት የቤት ለቤት ሥራ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ስትሮክ የመታቸው አንድ ሽማግሌ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ለምደዋል፣ ታካሚው ምን ምን ማድረግ እንደቻለ የሚሞላበት ቅጽ ላይም በሙሉ ምልክት ተደርጎላቸዋል። እሳቸው ግን የሚፈልጉት መሬት ላይ ወርደው ሱጁድ ማድረግና ያለ ሰው እርዳታ መነሳት ነው። ቅጹ ላይ የመታጠቢያ ገንዳ አለ፣ ሶፋ አለ። መስገጃ ምንጣፍ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ተማሪዎቼ የራሳቸውን ቅጽ ይጽፋሉ። ኦሮምኛ የማይችለውን ከሚችለው ጋር አጣምሬ ነው የምልካቸው፤ ሽማግሌው እንዲህ ያለ ነገር የሚነግሩት በራሳቸው ቋንቋ ለሚያወራቸው ነውና።

ጅማ ለዚህ ሥልጠና አመቺ ናት የምለው አገሬ ስለሆነች ብቻ አይደለም። የጅማ ጤና ሳይንስ ተቋም በ1983 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ጀምሮ ትምህርቱ ማኅበረሰብ ውስጥ ገብቶ በመማር የታወቀ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ዛሬም የሚኮራበት ይህ ነው። የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ከከተማ ውጭ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ። ሰዉ ደብተር ይዞ የሚጠይቅ ወጣት ለምዷል፣ አይደነግጥም። ቡና አለ፣ እንጨት አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከሐኪሙና ከነርሱ ተማሪ ጎን አንድ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪ መጨመር አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

የአሁኖቹ ለመጋዘኑ ባለቤት የሚሰጥ ሪፖርት እየጻፉ ነው። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ ብያለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ዘመናዊ ወንበር ከውጭ ተገዝቶ ይቅረብ» የሚል ነበረበት፤ ሰረዝኩት። አሁን «ለበርጩማዎቹ ከሥር እንጨት ይመታላቸው» ይላል። ዋጋው ግን አልተጻፈም። አናጺውን ጠይቀው እስኪመጡ አልፈርምም ብያቸዋለሁ።