አንድ «ፒክ አፕ»፣ ብዙ የአማርኛ ግስ፤ የስድስተኛው ሳምንት ማስታወሻ

የደሴው የእንግሊዝኛ መለማመጃ ቡድናችን በዚህ ሳምንት የያዘው «ፒክ አፕ» (pick up) የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ቃሉ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ከኮምቦልቻ ሽንኩርት ጭኖ የሐረጎን ዳገት የሚወጣውን፣ ከኋላው ክፍት የሆነውን መኪና ሁላችንም ፒካፕ ነው የምንለው። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1925 ሞዴል ቲ መኪናውን ከኋላዋ የዕቃ መጫኛ ገጥሞ ለገበያ ሲያቀርብ መጫኛውን «ፒክ አፕ ቦዲ» ብሎት ነበር። ዕቃ ማንሻ ማለት ነው፤ የመኪናውም ስም የወጣው ከግሱ ነው።

የሚያስቸግረው ግሱ ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ ትርጉሞቹን ከ1 እስከ 15 መሸምደድ እንደማያዋጣ ባለፉት ሳምንታት በ«ጌት አፕ» እና በ«ቴክ ኦፍ» አይተነዋል። አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው የአማርኛው ግስ እንጂ የመዝገበ ቃላቱ ተራ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ የተገላቢጦሹን እንሂድ፤ ከአማርኛው ግስ ተነስተን የትኛው ወደ ፒክ አፕ ይወስዳል፣ የትኛው አይወስድም የሚለውን እንለይ።

«አነሳ» ዋናው በር ነው፤ ብዙ ስሕተት የሚገባውም በእሱ ነው። የወደቀ ዕቃ ማንሳት፣ የሚያለቅስ ሕፃን ከመሬት ማንሳት፣ ስልክ ማንሳት፤ ሦስቱም ፒክ አፕ ናቸው። «ስልኩን አላነሳም» ለማለት «ሂ ዲድንት ፒክ አፕ» ይበቃል፣ «ስልክ» የሚለውን መጨመር እንኳ አያስፈልግም። «ሂ ዲድንት ሊፍት ዘ ፎን» ያለ ሰው ስልኩ ከብዶት ከጠረጴዛው አልነሣለት ያለውን ሰው ነው የገለጸው። ፎቶ ማንሳት ግን «ቴክ» ነው፣ ጥያቄ ማንሳት «ሬይዝ» ነው፣ እጅ ማንሳትም «ሬይዝ» ነው። ክርስትና ማንሳት ደግሞ በግስ አይተረጎምም፤ «ጎድፋዘር» ወይም «ጎድማዘር» ሆነ ብሎ መዞር ግድ ነው። መለያው እንዲህ ነው፤ ነገሩ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቅ ከነበረና እጃችን ወይም መኪናችን ውስጥ ከገባ ፒክ አፕ ነው። ጥያቄ የትም ተቀምጦ አይጠብቅም።

«ለቀመ» ከዚህ የበለጠ ያታልላል። ቡና ለቀማ ያለ «አፕ» ነው፤ «ፒክ ኮፊ»። «አፕ» ከገባበት፣ «ፒክ አፕ ሰም ኮፊ»፣ ትርጉሙ ከዛፉ ወደ ሱቁ ይሄዳል፤ መንገዳችን ላይ ጎራ ብለን ቡና ይዘን መምጣት ይሆናል። ምስር መልቀም ሌላ ነው፤ በሰፌድ ላይ ጠጠሩን ከምስሩ የምንለይበት ሥራ «ፒክ ኦቨር» ይባላል። ምስሩ ከሰፌዱ ፈስሶ ከመሬት አንድ በአንድ ሲለቀም ነው ፒክ አፕ የሚሆነው። ቃርሚያም ከአጨዳ በኋላ መሬት ላይ የቀረውን ማንሳት ስለሆነ ከዚሁ ወገን ነው።

«ያዘ» ላይ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ይገለበጣል። በአማርኛ ጉንፋኑ ነው የሚይዘን፤ «ጉንፋን ያዘኝ» ስንል አድራጊው ጉንፋን፣ ተደራጊው እኛ ነን። በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ሰውየው ነው፤ «አይ ፒክት አፕ ኤ ኮልድ»። «ኤ ኮልድ ፒክት ሚ አፕ» የሚል ዐረፍተ ነገር ደብተራችሁ ውስጥ ካለ ጉንፋኑ በመኪና መጥቶ ወስዷችኋል ማለት ነውና ሰርዙት።

«ለመደ» የሚሆነው ያለ መምህር ሲለመድ ብቻ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ሲገበያዩ የአንዱን ቋንቋ ሌላው ከአፉ ይቀበለዋል። ይህ በትክክል ፒክ አፕ ነው፤ «ሺ ፒክት አፕ ኦሮሞ አት ዘ ማርኬት»። ክፍል ገብቶ አራት ዓመት ሰዋስው የተማረ ሰው ግን «ለርንድ» ይበል፤ ፒክ አፕ ካለ ድካሙን ራሱ ያቃልለዋል።

ላሊበላ በአስጎብኚነት ወይም በሹፌርነት ለሚሠሩ ጓደኞቻችን የሚጠቅመው «መጥቶ መውሰድ» የሚለው ትርጉም ነው። «ኤርፖርት እቀበልሃለሁ» የሚለውን ቃል በቃል «አይ ዊል ሪሲቭ ዩ» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው፤ «ሪሲቭ» ለደብዳቤና ለገንዘብ ይመቻል። «አይል ፒክ ዩ አፕ አት ዘ ኤርፖርት» በሉ፤ ተጓዳኙ፣ ማለትም አድርሶ ማውረዱ፣ «ድሮፕ ኦፍ» ነው። እዚህ ላይ ከሰዋስው የባሰ ወጥመድ አለ፤ ሰዓቱ። እንግዳው «ፒክ ሚ አፕ አት ኢለቨን» ሲል ጠዋት 5 ሰዓት ማለቱ ነው። ሹፌሩ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ በ11 ሰዓት ከመጣ እንግዳው 6 ሰዓት ሙሉ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሏል። ቀጠሮ ስትይዙ በእንግሊዝኛው ቁጥር ላይ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ወይም «ኢን ዚ አፍተርኑን» አስጨምሩ፤ ከዚያ 6 ቀንሳችሁ ወይም ደምራችሁ በአማርኛ ጻፉት። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ ማታ ከመጠጥ ቤት «ፒክት አፕ ኤ ገርል» የሚለው ሴት ማጥመድን ያመለክታል። ተሳፋሪ ለማለት ከሆነ «ፓሰንጀር» በሉና ከየት እንዳነሳችሁ ቦታውን ጨምሩ፤ ያኔ አሻሚነቱ ይጠፋል።

አሁን ወደ ትልቁ እንቅፋት እንምጣ። «አነሳሁት» ስንል «ት» የምትገባው መጨረሻ ላይ ነው። ባለ ሁለት ቃል ግስም ቢሆን ያው ነው፤ «ብድግ አደረገው» ውስጥ «ው» የተለጠፈችው ከሁለተኛው ቃል ጭራ ላይ ነው። አእምሯችን ይህን ልማድ ይዞ ወደ እንግሊዝኛው ይሻገርና «ፒክ አፕ ኢት» ያሰኘናል። ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ የአማርኛችን ሥርዓት ነው። በእንግሊዝኛ ግን ተውላጠ ስም መሀል ይገባል፤ «ፒክ ኢት አፕ»፣ «ፒክ ሚ አፕ»፣ «ፒክ ዘም አፕ»። «ብድግ-ው-አደረገ» እንደማለት ነው፤ ለእኛ ጆሮ ይጎረብጣል፣ ለእነሱ ግን ሌላ አማራጭ የለውም። ሙሉ ስም ሲሆን ሁለቱም ቦታ ይፈቀዳል፤ «ፒክ አፕ ዘ ባግ»ም «ፒክ ዘ ባግ አፕ»ም ልክ ናቸው። ስሙ ከረዘመ፣ ለምሳሌ «ትናንት ከሐይቅ የመጣውን ቦርሳ» ከሆነ፣ ከ«አፕ» በኋላ ይሂድ፤ መሀል ከገባ ሰሚው «አፕ»ን ሲጠብቅ የተባለውን ይረሳዋል። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፤ «ፒክ አፕ ኦን»፣ ማለትም ያልተነገረን ነገር ከሁኔታው መረዳት፣ ፈጽሞ አይከፈልም። «ፒክ አፕ ኦን ኢት» ነው የሚባለው፣ እዚያ «ኢት» መጨረሻዋን ታገኛለች።

አብሽሩ፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰንም እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ እንዲህ ያሉት ግሶች ለውጭ አገር ሰው ትልቁ ችግር መሆናቸውን ጽፏል።

ድምፁም ልምምድ ይፈልጋል። ያለፈው ጊዜ «ፒክድ» አይደለም፤ ከ«ክ» በኋላ የሚመጣው «ድ» ወደ «ት» ይለወጣልና «ፒክት» ነው። ከ«አፕ» ጋር ሲገናኝ ደግሞ «ፒክተፕ» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። «ፒክ ኢት አፕ» በእንግሊዞች አፍ «ፒኪተፕ»፣ በአሜሪካኖች አፍ «ፒኪረፕ» ይመስላል፤ የእነሱ ልል «ት» ከእኛ «ር» ጋር በጣም ይቀራረባል። ስታዳምጡ ያመለጣችሁ ቃሉን ስለማታውቁት ሳይሆን ሦስቱን ቃል እንደ አንድ ስለሰማችሁት ነው። ስምና ግሱ ደግሞ ጠንክሮ በሚነገረው ክፍል ይለያሉ፤ መኪናው ሲሆን «ፒክ» ጠንክሮ ይነገራል፣ ግስ ሆኖ ተውላጠ ስም መሀሉ ሲገባ «አፕ» ጠንክሮ ይነገራል።

ተሳቢ የማይፈልገው «ፒክ አፕ» ቀለል ይላል። ቀዝቅዞ የነበረ ነገር ሲነቃቃ ነው፤ ገበያው ደራ፣ ሐይቁ ላይ ነፋሱ በረታ፣ ከገና በፊት የላሊበላ ሆቴሎች ሥራ ጨመረ። ዓመቱን ሙሉ ደርቶ ለሚኖር ገበያ አይሆንም፤ ከዝቅታ መነሣት አለበት። መኪና ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ግን ተሳቢው አይቀርም፤ «ፒክ አፕ ስፒድ»።

የቀሩትን በአጭሩ፦ ሬዲዮ ጣቢያ ሲስብ፣ ካቆምንበት ስንቀጥል፣ የሁሉንም ሒሳብ አንድ ሰው ሲከፍል፣ ፖሊስ ተጠርጣሪ ሲይዝ፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ደግሞ የተዝረከረከ ክፍል ሲስተካከል። የደከመውን የሚያነቃ ነገር «ፒክ ሚ አፕ» ተብሎ ስም ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ አቦል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ባቲና አምባሰል ቅኝትን በኤሌክትሪክ ክራር የምትጫወቱ ደግሞ ድምፅ መያዣዋን ፒክ አፕ እንደምትሏት ታውቃላችሁ። ማግኔታዊዋ የምትይዘው የብረት ክር ሲርገበገብ ብቻ ነው፤ በናይለን ወይም በጅማት ለተወጠረ ክራር ከሣጥኑ ላይ ተለጥፋ ንዝረቱን የምትይዘው ፒዬዞ የተባለችው ድምፅ መያዣ ታስፈልጋለች።

ለደብተሩ አንድ ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል የአማርኛውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ በቀኝ በኩል እንግሊዝኛውን ጻፉ፤ «ፒክ አፕ» የሚለውን ብቻውን አትጻፉ፣ ብቻውን ትርጉም የለውምና። በቀን 3 ዐረፍተ ነገር፣ በአምስት ቀን 15 ይሆናል። ቀኝ ገጹን ሸፍናችሁ ጮክ ብላችሁ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መልሱት። የተሳሳተውን ብቻ ወደ 1ኛው ቀን መልሱ፤ ሁሉንም እንደገና መጀመር ያሰለቻል፣ በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩ የሚዘጋውም በዚያ ምክንያት ነው። ከ15ቱ ቢያንስ 5ቱ ተውላጠ ስም መሀል የገባባቸው ይሁኑ።

ለዓርብ እነዚህን አምስት ይዛችሁ ኑ፤ ሁለቱ ፒክ አፕን አይቀበሉም።

«ሲደወል ስልኩን አንሺው።»
«የልጁን ክርስትና ያነሳው አጎቴ ነው።»
«ከኮምቦልቻ ስትመጣ ዳቦ ይዘህ ና።»
«ምስሩን ሳትለቅሚው አትቀቅይው።»
«የባቲ ልጅ ስለሆነ ኦሮምኛውን ከገበያ ነው የለመደው።»