ክፉ ስም የወጣላቸው የኦክስጅን ሞለኪውሎች

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለ አንጎል ነው። በተለይ እነ ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሐሳቤን ይዘውታል። ከኦክስጅን የሚወለዱ፣ ካገኙት ነገር ጋር ለመዋሃድ የሚቸኩሉ ሞለኪውሎች ናቸው። ስማቸው የሚነሳው በክፉ ነው። ሴል ያበላሻሉ፣ ያስረጃሉ ይባላል። ወሬው ያለ ምክንያት አልተነሳም። ዴንሃም ሃርማን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1956 እርጅናን ከነሱ ጋር አያይዞታል። ዛሬማ "አንቲኦክሲዳንት"፣ ማለትም እነሱን የሚያጠፋ፣ የሚል ያልተለጠፈበት ጠርሙስ ማግኘት ከባድ ነው።

አንጎል የሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ስለዚህ እነዚህ ሞለኪውሎች እዚያ መፈጠራቸው አይቀርም። እኔን የገረመኝ ከፊሎቹ ሆን ተብለው የሚመረቱ መሆናቸው ነው።

ስንማር በነርቭ ሴሎች መካከል ያለው መገናኛ፣ ሲናፕስ፣ ይጠነክራል ወይም ይላላል። ብሊስና ሎሞ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1973 ሂፖካምፐስ በተባለው፣ ለማስታወስ በሚያገለግለው የጥንቸል አንጎል ክፍል ላይ እንዳሳዩት፣ ነርቩ በፍጥነት ተደጋግሞ ከተነቃቃ ሲናፕሱ ለሰዓታት ጠንክሮ ይቆያል። ይህ የሚሆነው ካልሲየም ኤንኤምዲኤ በተባለው ተቀባይ (በሴሉ ላይ ባለ በር) በኩል ወደ ሴሉ ሲገባ ነው። ያኔ ኤንኤዲፒኤች ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ሱፐርኦክሳይድ ማምረት ይጀምራል። ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያ የሚገድሉትም በዚሁ ኢንዛይም ነው! ለመግደል የሚያገለግለው መሣሪያ ለመማርም ይሠራል ማለት ነው።

ሱፐርኦክሳይዱ ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለወጣል። ይህ ደግሞ አንዳንድ ፕሮቲኖች ላይ ድኝ ያለበትን ቦታ ይነካል። ሲናፕሱን የሚያላሉ ኢንዛይሞች በዚህ ምክንያት ይታፈናሉ፤ የሚያጠነክሩት ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሴሉ በኋላ የተነካውን መልሶ ያስተካክለዋል። እንደ ብረት ዝገት ሆኖ አይቀርም።

ማስረጃው ከአይጦች ነው የመጣው። ሱፐርኦክሳይድ የሚያመርተው ኢንዛይም በትክክል የማይሠራላቸው አይጦች ሲናፕሳቸው እንደሚገባው አይጠነክርም፣ ማስታወሳቸውም ይደክማል። ሱፐርኦክሳይድን የሚያጠፋ ኢንዛይም ከመጠን በላይ እንዲያመርቱ የተደረጉ ወጣት አይጦችም እንዲሁ ሆኑ። ብዙ ማጽዳትም ይጎዳል ማለት ነው። እዚህ ጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እነዚያው ዓይነት አይጦች ሲያረጁ ከእኩዮቻቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በእርጅና ሞለኪውሎቹ ስለሚበዙ፣ በወጣትነት የጎዳው ማጽዳት ያኔ ይጠቅማል። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይህን ውጤት ነው።

ትናንት እህቴ ደወለች። "ለእማዬ የማስታወስ ኪኒን ልግዛላት?" አለችኝ። ሐኪሟ ካላዘዘላት አትግዢ አልኳት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን ጥናትም ነገርኳት። ከ7,000 በላይ አዛውንት ወንዶች ለዓመታት አንቲኦክሲዳንት የሚባሉትን ቫይታሚን ኢ ወይም ሴሌኒየም፣ አንዳንዶቹ ሁለቱንም፣ ሌሎቹ ባዶ ኪኒን ወስደው ነበር። ቫይታሚኑም ሴሌኒየሙም የመርሳት በሽታን አላስቀረላቸውም።

"ታዲያ ያረጁት አይጦችህስ?" አለች። እሷ መቼም አትሸነፍም። እነሱ ኢንዛይሙን ከውልደታቸው ጀምሮ ያመረቱት በራሳቸው ሴሎች ነው፤ ኪኒን ይህን አይሠራም አልኳት። "እሺ ፕሮፌሰር" ብላ ዘጋችው።