ኦሲሌተሩን መቼ ልክፈት?

ኦሲሌተርን፣ ማለትም ሳንባውን በማያቋርጥ ግፊት ከፍቶ ይዞ በጣም ትንንሽና ፈጣን ምቶች የሚሰጠውን የመተንፈሻ ማሽን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትኩት ደንግጬ ነው። የሰባት ወር ሕፃን ነበር፤ የሳንባ ምች ሁለቱንም ሳንባ ይዞታል። በሆዱ አስተኝተነዋል፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትም ሰጥተነዋል። በተለመደው ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ወደ ሳንባው የሚገባው አየር አማካይ ግፊት 18 ሴንቲ ሜትር ውሃ፣ የሚሰጠው ኦክስጅን 80 በመቶ ሆኖ በደሙ ውስጥ ያለው ግን 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ ነው። 18ን በ80 አባዝተን ለ60 ስናካፍል ኦክስጅን ወደ ደም ለመግባት ምን ያህል እንደተቸገረ የሚለካው ኦክስጅኔሽን ኢንዴክስ 24 መጣ። 16 ሲደርስ ከባድ ይባላል።

ኦሲሌተሩን ግፊቱን በ4 ከፍ አድርጌ በ22 ጀመርኩ። ኦክስጅኑ ወዲያው ተሻሻለ፤ እኔም ተስገበገብኩ። 24፣ 26፣ 28። ከዚያ ኦክስጅኑ ወረደ፣ የደም ግፊቱም ተከተለው። በሽታው የባሰበት መስሎኝ እጄ እንደገና ወደ ቁልፉ ሲሄድ ነርሷ «ዶክተር፣ መጀመሪያ ኤክስሬይ እንይ» አለችኝ። ሳንባው ከአሥረኛው ጎድን በታች ወርዷል፣ ዲያፍራሙ (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ተለጥጧል፣ ልቡ ቀጥኗል። በሽታው ሳይሆን እኔ ነበርኩ ያስጨነቅኩት። ወደ 24 መልሼ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ስሰጠው የደም ግፊቱ ተስተካከለ፣ ኦክስጅኑም ተመለሰ።

የዚህ ማሽን ትንፋሽ በጣም ትንሽ ናት፤ ብዙ ጊዜ አየር መተላለፊያውን እንኳ አትሞላም። ሳንባውን ከፍቶ የሚይዘው የማያቋርጠው ግፊት ነው። ያው ግፊት ደግሞ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያግዳል። ስለዚህ አሁን ከመክፈቴ በፊት የልቡን አሞላል አያለሁ፣ ከከፈትኩ በኋላም በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ኤክስሬይ አነሳለሁ።

ሄርዙም፣ ማለትም ማሽኑ በሰከንድ የሚመታው ብዛት፣ አታልሎኛል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲጨምር «በፍጥነት ይተንፍስ» ብዬ ከ8 ወደ 10 አወጣሁት፤ ባሰበት። ፍጥነቱ ሲጨምር እያንዳንዷ ምት ታንሳለች፤ ካርቦኑ የሚወጣው ፍጥነቱ ሲቀነስ ወይም አምፕሊቱዱ (የምቱ ኃይል) ሲጨመር ነው። ለማንኛውም ቁልፍ ከመንካት በፊት ደረቱን ማየት ይቀድማል። የደረቱ ንቅናቄ በድንገት ከቀነሰ ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ በኩል ብቻ ከጠፋ ደግሞ ሳንባው ተበስቶ ወይም ቱቦው ወደ አንዱ ሳንባ ገብቶ ይሆናል።

ታዲያ መቼ? ሁለቱም ሳንባ ሲጎዳ፣ በግፊት ሊከፈት የሚችል ሲሆን፣ የተለመደው ቬንቲሌተር ሳንባውን በሚጎዳ ግፊት ካልሆነ አልሠራ ሲል። አየር ከሳንባው ሲያፈስም አስበዋለሁ። አየር ታፍኖ የሚቀርበት አስም ወይም ብሮንኪዮላይተስ (የትንንሽ አየር ቧንቧዎች ብግነት) ያለበትን ልጅ ግን እዚያ ላይ ለማድረግ በጣም አመነታለሁ።

ለሁሉም ልጅ የማልከፍተውም በምክንያት ነው። በ2013 በአዋቂዎች ላይ ከወጡት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ በኦሲሌተሩ ቡድን ሞት በመብዛቱ ሳያልቅ ቆመ፤ ሌላው ልዩነት አላገኘም። ልጅ ትንሽ አዋቂ አይደለም፤ ጥናቶቹ ግን እጄን ከቁልፉ ላይ ትንሽ ያዘገዩታል።

ያ ሕፃን በአምስተኛው ቀን ወደ ተለመደው ቬንቲሌተር ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ሳክሽን ላደርግለት (አክታውን ልመጥለት) ቱቦውን ከማሽኑ ስነቅለው የተከፈተው ሳንባ መልሶ ተዘግቶ፣ እንደገና ለመክፈት ግማሽ ሌሊት ፈጅቶብናል። ከዚያ ወዲህ ሳይነቀል የሚሠራው ዝግ ሳክሽን ካልተገጠመ ኦሲሌተር አልጀምርም።