«ምን ላይ ነሽ?» በሰርቪስ ውስጥ

የመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ ከሰሚት ተነስቶ በመገናኛ አድርጎ ሜክሲኮ ይደርሳል። መንገዱ ከተዘጋጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ግማሹ ሰው ያንቀላፋል፣ ግማሹ ስልኩን ይጎረጉራል። መጽሐፍ የምንይዝ ጥቂቶች ነበርን። አንዳችን የሌላችንን ሽፋን በዓይናችን ሰርቀን እናያለን እንጂ አንጠያየቅም። ይሄ ነገር ሲያሳዝነኝ ከርሞ አንድ ሰኞ ጠዋት አፌን ከፈትኩ።

«ጥሩ መጽሐፍ ጠቁሙኝ» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስኬድም። ሰው ስለ መጽሐፍ ሲጠየቅ ማንበብ የነበረበትን እንጂ የሚያነበውን አይናገርም። አንዱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይላል። ቀጣዩም እሱኑ። ክፉ መልስ አይደለም፤ የሀዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ከሰው አፍ ወርዶ አያውቅም። ግን ወሬው እዚያው ይቆማል። ነገሩን ላጣራ ብዬ «እሺ፣ ቦጋለ መብራቱ ማነው?» ስል መኪናው ጭጭ አለ። የመለሰልኝ ሹፌሩ ነው። በመስታወቱ እያየኝ «የበዛብህ አባት ነዋ!» አለ፣ እንደመገረም ብሎ። መጽሐፉን በእጁ ይዞት አያውቅም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን በፍላሽ ገልብጦ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ሲጠብቅ ደጋግሞ ሰምቶታል። ቀይ መብራት ላይ ቆመን የጉዱ ካሳን ንግግር በወጋየሁ ድምፅ ሲያስመስልልን ከኋላ ያንቀላፉት ሁሉ ነቁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ መስማትም ማንበብ ነው። «እሱ እኮ ትረካ ነው የሰማው» የሚል ሰው እስካሁን አልጠፋም፤ እኔ ግን አልሰማውም። ሁለተኛ፣ ጥያቄው ተቀየረ። «ምን ላይ ነህ? የት ደረስክ?» ብቻ ሆነ። ይሄኛው ለጉራ አይመችም። መጽሐፉ ወይ ቦርሳህ ውስጥ አለ ወይ የለም። ገጽ 40 ላይ ያለ ሰው ስለ ገጽ 40 ነው የሚያወራው። ደግሞም ታሪኩን ጨርሶ ስላላወቀው መጨረሻውን ነግሮ አያበላሽብህም።

የሚወራውን ማስታወስ ሲያቅተን አንድ ባለመስመር ደብተር ገዛሁና ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ በሲባጎ አንጠለጠልኩት። ስም፣ መጽሐፍ፣ የት እንደደረሰ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ቀጥሎ የሚወስደው ማን እንደሆነ። ይቺ የመጨረሻዋ ዓምድ ናት ሥራውን የሠራችው። ሰው ወረፋ ሲያይ ይጓጓል። ማንም ያልጠየቀው መጽሐፍ ከፊቱ ሦስት ስም ሲደረደርለት፣ አራተኛው ሳያስበው ይጻፋል። ያዘገየውም ሰው ያፍራል፤ ማንም ምንም ሳይለው።

ከመዝገብ ቤት አንዲት እናት አሉ። ሁልጊዜ መስኮት ጥግ ይቀመጣሉ። ደብተሩ ሲዞር ዘለው ያሳልፉት ነበር። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ላይ ነዎት?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን አነባለሁ? ዳዊቴን ነው የምደግመው» አሉኝ። ከነጠላቸው ሥር አወጡት። ቆዳው ጥግ ጥጉ ተልጦ፣ ገጾቹ በጣት ብዛት ወዝተዋል። በየዕለቱ የሚደገመው ክፍል ላይ ቀይ ክር ተደርጓል። በዚያ መኪና ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳያሳልፍ የሚያነብ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ እኛ ደግሞ አንባቢ ብለን አልቆጠርናቸውም! አሁን ደብተሩ ላይ በራሳቸው ጽሕፈት «ዳዊት» የሚል አለ። «መቼ ያልቃል» በሚለው ሥር «አያልቅም» ብለዋል።

ስለ ፌዝ አንድ ነገር ልበል። ከሰው ሀብት አንዲት ልጅ እነዚያን «ሕይወትህን ቀይር» የሚሉ ትርጉም መጻሕፍት ታነባለች። በየመንገዱ ተነጥፈው የሚሸጡትን። እኔ አልወዳቸውም፤ አንዱን ካነበብክ ዘጠኙን አንብበሃል። አንድ ቀን ከኋላ አንዱ «አሁንም ሀብታም አልሆንሽም?» ብሎ አሳቀባት። ለሁለት ሳምንት ስሟ ከደብተሩ ጠፋ። ብቻዋን አይደለም የጠፋችው፤ አጠገቧ የሚቀመጡትም ዝም አሉ። ሰው የሚያነበውን ሲነግርህ ትንሽ ራሱን ነው የሚያሳይህ። አሁን በሌላው ምርጫ የሳቀ ሰው የሁላችንንም ማኪያቶ ይከፍላል። ልጅቷም ተመልሳለች።

በተለይ የያዘልን ዘዴ የመጽሐፉን ታሪክ ትቶ መጽሐፉ እንዴት እንደተጻፈ መናገር ነው። ከፋይናንስ አንዷ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ይዛ መጣች። ስለ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስለ ስካርሌት ብታወራ ማንም አይሰማትም ነበር። እሷ ግን ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ እንደተረጎመው ነገረችን። ያን ግዙፍ መጽሐፍ! መገናኛ ሳንደርስ ወረፋው ሞላ። አንዱ የሲጋራ ፓኮ ከኪሱ አውጥቶ ብርማዋን ወረቀት ዘረጋና «እዚህ ላይ ስንት መስመር ይጻፋል?» እያለ በእስክሪብቶ መሞከር ጀመረ። ሦስት መስመር ላይ ቀደደው።

ፖለቲካው አስቸግሮናል። የደርግ ዘመን ትዝታዎች በብዛት ይነበባሉ፤ የእኛም ሰርቪስ ከዚያ አላመለጠም። የግዥው ጋሼ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስን «እኛና አብዮቱ» ይዘው ሲመጡ ሜክሲኮ እስክንደርስ ጩኸት ሆነ። ሹፌሩ «አወርዳችኋለሁ» አለ። ያረጋጋን ክልከላ አይደለም። ሌላ ሰው የፍስሐ ደስታን «አብዮቱና ትዝታዬ» አመጣና ሁለቱን አቀያየርናቸው። አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንዱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ፤ ያንኑ ዘመን ከውስጥ ሆነው ያዩት። ሁለቱንም ካላነበብክ በዚያ ጉዳይ አታወራም ተባለ። ክርክሩ አልቀረም። ግን ገጽ እየጠቀሱ ሆነ፣ ይሄ ደግሞ ሰውን ቀስ ያሰኛል።

ከዚያ የፒዲኤፍ ጉዳይ መጣ። አንዱ ወጣት በቴሌግራም አዲስ የወጣ ልብ ወለድ ለሁላችን ላከ። ደስ አለን፣ አልዋሽም። አንድ አዲስ መጽሐፍ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠር ብር ነው። ጋሼ ግን ተቆጡ። እሳቸው «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ከገበያ በተሰበሰበ ሰሞን በጋዜጣ ተሸፍኖ ለአንድ ሌሊት ተውሰው ነው ያነበቡት። «ያኔ የደበቅነው መንግሥት ስለከለከለን ነው። በዓሉ ግርማ በዓመቱ የገባበት ጠፋ። ይሄኛው ደራሲ ግን እዚሁ ከተማ ቁጭ ብሎ መጽሐፉ እስኪሸጥለት ይጠብቃል። ምን አድርጎን ነው የምንሰርቀው?» አሉ። መልስ አልነበረንም። ከገበያ የጠፋ አሮጌ መጽሐፍ ሌላ ጉዳይ ነው ብለን ትንሽ ተከራከርን፤ በአዲሱ ግን ተረታን።

እና ዕቁብ ጀመርን። የመጽሐፍ ዕቁብ። ደመወዝ በወጣ ቁጥር ሁሉም ትንሽ ይጥላል፣ ዕጣው በሹፌሩ ኮፍያ ውስጥ ይወጣል። የደረሰው ሰው የፈለገውን መጽሐፍ ይገዛል። መጽሐፉ የራሱ ነው፤ ግን መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ያለውን ወረፋ ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ባለቤቱ ቤት ይገባል። ይሄ ከማዋስ ይሻላል። ማዋስ ብዙ ጓደኝነት አበላሽቷል፤ የተዋሰ ሰው ይረሳል፣ ያዋሰ ሰው አይረሳም። ዕቁብ ላይ ግን ዳኛ አለ፣ ደብተር አለ፣ ሁሉም ያያል።

ግዢው ራሱ መዝናኛ ሆኗል። ከሥራ ስንወጣ ከሜክሲኮ ወደ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በእግር እንወርዳለን። አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡትን ልጆች ሳትንቅ ጠይቃቸው። ርዕሱን ግማሽ ብቻ ብታስታውስ እነሱ ይጨርሱልሃል። አንዱ ሽፋን የሌለው «አደፍርስ» አውጥቶ ሲሰጠኝ ዋጋ እንኳ በወጉ አልተከራከርኩም። የዳኛቸው ወርቁ መጽሐፍ በሰርቪሳችን ብዙ ሰው ጀምሮ የተወው ነው። መተውም ይጻፋል። «ገጽ 60 ላይ አቆምኩ፣ ከበደኝ» የሚል ማስታወሻ ለቀጣዩ አንባቢ ከምስጋና ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ተዘጋጅቶ ይገባል። አንዳንዱም በእልህ ይጨርሰዋል።

በዚህ ሰሞን ደብተሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ከበዓሉ «ከአድማስ ባሻገር» ጋር ናቸው፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አይናገሩም። የሰው ሀብቷ ልጅ የአለማየሁ ገላጋይን «አጥቢያ» ጀምራለች፣ ትርጉሞቿንም አልተወችም። ሹፌሩ አዲስ ትረካ ላይ ነው፤ ሰው እየወረደ እንኳ አይዘጋውም። እኔ «አደፍርስ» ላይ ነኝ፣ ገጽ 60ን አልፌያለሁ፣ ገና ይከብዳል። የወሩ ዕጣ የወጣው ለመዝገብ ቤቷ እትዬ ነው። ጡብ የሚያክለውን የአዳም ረታን «የስንብት ቀለማት» እንዲገዛላቸው አዝዘዋል። «ለእኔ አይደለም፣ ለልጄ ነው» ይላሉ። ሆኖም በወረፋው የመጀመሪያው መስመር ላይ የራሳቸውን ስም ጽፈዋል።