የሱቃችንን ሒሳብ በየቀኑ መጻፍን እንዴት ልማድ አደረግሁት

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንሶላ፣ ፎጣ፣ ብርድ ልብስና ሽርጥ የምንሸጥበት ሱቅ አለን። የዕለቱን ሽያጭ፣ ወጪና ዱቤ በየቀኑ በመዝገብ ማስፈር ምን ያህል እንደሚጠቅም የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ይሁን እንጂ በሰፈራችን ሒሳቡን በቃሉ የሚይዘው ብዙ ነው። ይህ ከስንፍና የመጣ ነው የሚለውን አስተያየት አልቀበልም፤ ከማለዳ እስከ ምሽት ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የሚውልን ሰው ሰነፍ ማለት አይቻልም። ገዢ ሲገባ ይሸጣል፣ አዛን ሲሰማ ይሰገዳል፣ ሲርብ ምሳ ይበላል፤ መጻፍን ግን «አሁን ጀምር» ብሎ የሚጠራው ነገር በቀኑ ውስጥ አይገኝም። እኔ የሠራሁት ሥራ ይህን ጥሪ ማበጀት ነው።

ወደዚህ የገፋኝ ምክንያት ከባድ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ ውስጥ ካለፈች በኋላ ሱቃችንን ዳግም ስንከፍት መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ ምን ያህል ዕቃ እንደነበረንና ማን ምን ያህል ዱቤ እንዳለበት የሚናገር መረጃ ከእኔና ከወንድሜ ትዝታ ውጭ አልነበረም። ከደንበኞቻችን አያሌዎቹ በራሳቸው ፈቃድ መጥተው «ይህን ያህል አለብኝ» እያሉ ከፍለውናል፤ የወሎን ሰው አማና ያየሁበት ጊዜ ስለሆነ እስከ ዛሬ ልቤ ይሞቃል። ቢሆንም የአንድ ቤተሰብ እንጀራ በሰዎች ትውስታና ደግነት ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባውም ብዬ ቆረጥሁ።

የተማርሁት ሥነ ልቡና ነበርና በመጀመሪያ ያስታወስሁት በአሜሪካ ዌንዲ ውድ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙትን ጥናት ነው። ተማሪዎች በየሰዓቱ የሚያደርጉትንና የሚያስቡትን እንዲመዘግቡ ተደርጎ ሲታይ፣ ከድርጊቶቻቸው 43 በመቶ ያህሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ አብዛኛውን ጊዜም በዚያው ቦታ የሚደጋገሙ ሆነው ተገኙ፤ ድርጊቱ እየተፈጸመ ሐሳባቸው ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ልማድ ከሰዓት፣ ከቦታና ከቀደመው ድርጊት ጋር የተሳሰረ መሆኑን ነው። ስለዚህ ራሴን «ቆራጥ ሁኚ» እያልሁ ከመገሠጽ ይልቅ ጽሕፈቱን የምሰቅልበት ጽኑ ችካል ፍለጋ ገባሁ።

ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ግብን ብቻ ከመያዝ ይልቅ «ይህ ሁኔታ ሲያጋጥመኝ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ለመፈጸም በእጅጉ እንደሚረዳ አሳይተዋል፤ ከፓስካል ሺራን ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የ94 ሙከራዎችን ውጤት አጠናቅረው ሲመረምሩም ይኸው ጸንቶላቸዋል። እኔም በመጀመሪያ የመረጥሁት ሁኔታ የሱቅ መዝጊያን ነበር፤ «በሩን ከመሳቤ በፊት እጽፋለሁ» አልሁ። ውሎ ሲያድር ይህ ችካል እንደሚወዛወዝ አየሁ። አንድ ቀን ዝናብ ቀድሞ ያዘጋናል፤ ሌላ ቀን ሙሽራ የሚድር ቤተሰብ አምሽቶ ይመጣል፤ ከዚያ ባጃጅ ሳይጠፋ ወደ ቤት ለመድረስ መቸኮል አለ። በየቀኑ መልኩን የሚቀያይር ሁኔታ ልማድን አጽንቶ መያዝ አይችልም።

የማይናወጠውን ችካል ያገኘሁት ከቡናው ዘንድ ነው። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት የሆኑት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ከሰል ለኩሰው ጀበና ይጥዳሉ፤ በዙሪያቸው ያለነው ነጋዴዎችም በየተራችን ብቅ እንላለን። አቦሉ የእንግዳ ነው፤ ወሬውም ገና ይሞቃል። ቶናው ላይ ጨዋታው ይደራል። በረካው ሲቀዳ ግን ሰው ወደየሥራው ለመመለስ ይሰናዳል፤ እማማም ምርቃታቸውን ያወርዳሉ። እኔ የበረካዋን ስኒ ይዤ ወደ ሱቄ እመለስና መዝገቡን እከፍታለሁ። ከአቦል ይልቅ በረካን የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው፤ ጨዋታ ሊጀመር ሲል መዝገብ መክፈት ሰውን ማስቀየም ሲሆን፣ ጨዋታው ሊያበቃ ሲል ግን ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ የራሱን ቦታ ያገኛል። ቡናው የሚጠጣው ሱቅ ሳይዘጋ በመሆኑ ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ዕቃ የት ይመዘገባል የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ መልሱ ቀላል ሆነ። የሒሳብ ቀናችንን ከበረካ እስከ በረካ አደረግነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀኑን በሚቆጥርበት መንገድ እንድንቆጥር የሚያስገድደን ነገር አልነበረም፤ ለግብር ወቅት የሚያስፈልገው የወሩ ድምር ከዚሁ መዝገብ ይወጣል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወንድሜንም ራሴንም የጠየቅሁት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ቀኑና በመሳቢያው ያለው ጠቅላላ ገንዘብ። ዱቤ፣ ወጪና የዕቃው ዓይነት አንድ በአንድ የተጨመሩት መስመሯ ከለመደች በኋላ ነው። ይህ ትንሽነት በተለይ ሰኞ ሰኞ ጠቀመን። በሰኞ ገበያ ከኩታበርና ከሌሎችም አካባቢዎች የሚመጣው ገበያተኛ ሱቁን ስለሚሞላው ቡና የምንጠጣበት ፋታ አናገኝም፤ በዚያ ቀን ሙሉውን መዝገብ መጠበቅ ልማዱን ማፍረስ ስለሚሆን አንዲቷን መስመር ጽፈን ዝርዝሩን ለማግስቱ እናቆያለን።

ስለሚፈጀው ጊዜ በሰፊው የሚነገረው «ልማድ በ21 ቀን ይሠራል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ተስፋ እንዲቆርጥ አድርጓል ብዬ አምናለሁ። ምንጩ ማክስዌል ማልትስ የተባሉ አሜሪካዊ የውበት ቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ያሰፈሩት ትዝብት ነው፤ ታካሚዎቻቸው አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው አስተውለው ነበር። ይህ ደግሞ አዲስ ድርጊትን ከማላመድ ጋር አንድ አይደለም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቻቸው 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ድርጊቱ ያለ ብዙ ማሰብ የሚፈጸም እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ሲሆን፣ በሰዎቹ መካከል ያለው ልዩነት በስሌት ከ18 እስከ 254 ቀን ይዘልቃል። ከሁሉ ይበልጥ ያጽናናኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፤ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን አጠቃላይ እድገት እምብዛም አልጎዳውም። ወንድሜ አንድ ቀን ሳይጽፍ ቀርቶ «እትዬ፣ በቃ ተበላሸ» ሲለኝ ይህን ነገርሁት፤ እማማ ደግሞ ከወዲያ ሆነው «አብሽር፣ ነገም በረካ አለ» አሉት፤ የእርሳቸው ቃል ከእኔ ይልቅ የሠራ ይመስለኛል።

ከመጻፉ ይበልጥ የፈተነን ከመሳቢያው የሚወጣው ጥቃቅን ገንዘብ ነበር፤ ለምሳ፣ ለባጃጅ፣ ለዘመድ ልጅ ደብተር መግዣ። እጅ ወደ መሳቢያ የሚሄደው ሳይታሰብ ስለሆነ ምክር አይመልሰውም። እዚህ ላይ የረዳኝ እነዌንዲ ውድ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት የፈንዲሻ ሙከራ ነው። ሲኒማ ቤት ፈንዲሻ የመብላት ልማድ የነበራቸው ሰዎች የአንድ ሳምንት ዕድሜ ያለውን ፈንዲሻ ልክ እንደ ትኩሱ በሉት፤ በማይለምዱት እጃቸው እንዲበሉ ሲደረግ ግን ያረጀውን ቀነሱ። ትንሽ መሰናክል እጅን ከሐሳብ ጋር ታገናኛለች ማለት ነው። እኔም መዝገቡን ከባንኮኒው ላይ አንሥቼ በመሳቢያው ውስጥ፣ ከብሩ በላይ አስቀመጥሁት፤ እስክሪብቶውንም በክር አሰርሁበት። መዝገቡን ሳያነሡ ብር መንካት አይቻልም፤ ያነሣው ሰው ደግሞ ከመውሰዱ በፊት መጻፍ ይቀለዋል። ማንንም አልከለከልሁም፤ የሚወጣው ገንዘብ ግን ከመጻፍ ጋር ስለተገናኘ በራሱ ቀነሰ።

ይህ ዘዴ የማይደርስበት አንድ በር ቀርቶ ነበር። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በባንክ ዝውውርም ጭምር፣ የሚከፍለው ደንበኛ እየበዛ ሲመጣ የሽያጩ ብር መሳቢያውን ሳይነካ ማለፍ ጀመረ፤ መሳቢያው ካልተከፈተ ደግሞ መዝገቡም አይታወስም። ስለዚህ ለስልኩ የተለየ ውሳኔ አበጀን፤ «የክፍያው መልእክት ሲገባ፣ ዕቃው በፌስታል ሳይገባ እጽፋለሁ»። መልእክቱን ለማረጋገጥ ገዢውም እኛም ለአፍታ መቆማችን የማይቀር ስለሆነ ያችን አፍታ ለመጻፍ ተጠቀምንባት።

የመዝገብ ትልቁ ጥቅም የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ልማድን የሚያጠነክረው ግን ድርጊቱን ወዲያው የሚከተል እርካታ መሆኑን የሥነ ልቡና ተመራማሪው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ ድመቶችን በሳጥን ዘግተው ከሞከሩበት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ይታወቃል። ለእኛ ያ እርካታ የበረካው ቡናና ብሩ ከመዝገቡ ጋር ሲገጥም ወንድሜ «ልክ መጣ!» ብሎ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

በእቁብ ጉዳይ ብዙ አስቤበታለሁ። ሌላውን ሁሉ የሚዘነጋ ሰው እቁቡን አይዘነጋም፤ ምክንያቱም ቀኑ የታወቀ ነው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ ለማውጣት ዋስ ይጠየቃል፣ ከሁሉም በላይ የሚያይ ዓይን አለ። ይህን ዓይን ለመዝገባችን ተዋስሁት። የእቁባችንን ጸሐፊ በየሳምንቱ፣ በሰኞ ገበያ ማግስት ስንገናኝ፣ የቀናቱን ረድፍ ብቻ እንዲያዩልኝ ለመንኋቸው። የብሩን መጠን በወረቀት እሸፍነዋለሁ፤ የነጋዴ ገበና ነውና እርሳቸውም ሊያዩት አይፈልጉም። ባዶ ቀን ካለ «ይህቺስ?» ይላሉ፤ ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ አላስፈለገንም።

ረመዳን ሲገባ የዐስሩ ቡና ይቀራል፤ ከርሱም ጋር ችካላችን ይነቀላል። በዚህ ወር የጠቀመን ያው በሌሎቹ ወራት ያልያዘልን የመዝጊያ ሰዓት መሆኑ አስደንቆኛል። ሁሉም ሰው ለአፍጥር ከመግሪብ በፊት ቤቱ መድረስ ስላለበት ሱቅ የሚዘጋበት ሰዓት በራሱ ይጸናል፤ እኛም በሩን ከመሳባችን በፊት እንጽፋለን። በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ለዒድ ገበያ ማታም ስለምንከፍት ወደ አንዲቷ መስመር እንመለሳለን። በዒድ ማግስት እማማ ጀበናቸውን ሲጥዱ ጽሕፈቱን ወደ በረካው መመለሱ ጥቂት ቀናት ይፈጃል፤ ይህንን አስቀድመን ስለምናውቅ አንደነግጥም።

አሁን የቀረኝ የዕቃ ቆጠራ ነው። ቆጠራ በወር አንድ ጊዜ የሚሠራ ስለሆነ በየቀኑ የመደጋገምን ኃይል አያገኝም፤ ስለዚህ እንደ ልማድ ሳይሆን እንደ ቀጠሮ ልይዘው አስቤ፣ የወሩ የመጀመሪያ እቁብ በሚጣልበት ዕለት ጠዋት፣ ገበያው ሳይሟሟቅ፣ ወንድሜ ከብርድ ልብሱ እኔ ከአንሶላው እየጀመርን እንድንቆጥር ተስማምተናል።