«ኩኩሉ!» «አልነጋም!»፦ የአንደኛ ክፍል የስድስት ወር ማስታወሻዬ

ትንንሽ ልጆችን ለምታስተምሩ ነው የምጽፈው። እዚህ ባሕር ዳር አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። 61 ልጆች አሉኝ። ከመስከረም ጀምሮ የያዝኩት ሥራ አንድ ነው፤ ልጆቹ ሳልጮህባቸው ራሳቸውን መግዛት እንዲለምዱ ማድረግ። አሁን የካቲት ላይ ነን። የሠራልኝንም ያልሠራልኝንም ላካፍላችሁ።

አምና ክፍሉ ሲረበሽ አንበረክክ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ እንደሚደነግግ አውቃለሁ። ግን ዱላ ስለማልይዝ እኔን የሚመለከተኝ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ከተንበረከከችበት ተነስታ ከጉልበቷ ላይ ጠጠር ስታራግፍ አየኋት። የጠጠሩ ቅርጽ ቆዳዋ ላይ ቀርቷል። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም አላንበረከክሁም። ችግሩ፣ በምትኩ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ከራሳቸው ነው። ዘንድሮ መስከረም በእረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል። ገና ያልተደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ። ደግሞ «ኩኩሉ!» ይላል። «አልነጋም!» ሁሉም ሲደበቅ «ነጋ!» ይባላል፤ ያኔ ዓይኑን ይገልጣል። የሚቆጣጠራቸው ትልቅ ሰው የለም። ክፍል ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ዝም ማለት የሚያቅተው ልጅ እዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ገረመኝ።

በማግስቱ ወደ ክፍል አስገባሁት። ከአማርኛ ወደ ሒሳብ ስንሸጋገር እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ «ኩኩሉ!» እላለሁ። ደብተር ያልቀየረ «አልነጋም!» ይላል። ሁሉም ሲዘጋጅ «ነጋ!» የመጀመሪያው ቀን ግማሾቹ ዴስክ ሥር ተደበቁ። ሁለተኛው ቀንም እንደዚያው። ሰዓት ይዤ ነበር፤ መጀመሪያ አካባቢ ስድስት ደቂቃ ይፈጅብን ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደ ሁለት ወረደ።

ከደቂቃው በላይ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ከኋላ የምትቀመጥ እጇ የማይፈጥን ልጅ አለች። ሁልጊዜ የመጨረሻዋ እሷ ናት። ድሮ «ቶሎ በይ እንጂ!» ነበር የምላት። አሁን ብቻዋን በቀጭን ድምፅ «አልነጋም!» ትላለች፤ ክፍሉ በሙሉ ይጠብቃታል። አጠገቧ ያለው ልጅ ሳይነገረው የቦርሳዋን ዚፕ ይይዝላታል። እኔም ፊቴን አላዞርም። «ነጋ» እስኪሉኝ አለማዞር የኔ ድርሻ ነው።

ሌላው ጨዋታችን «በረረ» ነው። «ፔሊካን በረረ!» ስል እጅ ይነሳል። «አምባዛ በረረ!» ስል ማንም እጁን ማንሳት የለበትም። «ታንኳ በረረ!» ላይ ብዙዎቹ ይሳሳቱና ይሳሳቃሉ። እጅን መያዝ መልመጃ ይፈልጋል። ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ ስሜታችንን የምንገታበት የአንጎል ክፍል በደንብ የሚበስለው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሕጉን እያወቀ እጁ ቢያመልጠው ንቀት አይደለም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ብዙ ቁጣዬ በርዷል።

ኅዳር ላይ አበላሸሁት። «ሳምንቱን በደንብ ከሠራን ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ጣና ዳር እንሄዳለን» አልኳቸው። በደንብ ሠሩ። ዓርብ ድንገት ስብሰባ ተጠራ። «ሌላ ጊዜ» ብዬ ወጣሁ። ሰኞ «ኩኩሉ!» ስል ወዲያው በአንድ ድምፅ «ነጋ!» አሉ። ዞር ስል ደብተሩ ሁሉ እንደተበተነ ነው። ማክሰኞም እንደዚያው። መስኮት ዳር የሚቀመጠው ልጅ ነው የነገረኝ፦ «ቲቸር፣ ሐይቅ እንሄዳለን ብለው አልሄድንም።»

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሼል የጀመረውን የማርሽማሎው ሙከራ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ልጁ ፊት አንድ ጣፋጭ ይቀመጣል፤ ሳይበላ ከጠበቀ ሁለት ያገኛል። እኔ ስልጠና ላይ የሰማሁት «የሚታገስና የማይታገስ ልጅ አለ» በሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸው 28 ልጆች ነበሩ። ጣፋጩ ከመምጣቱ በፊት አንዲት አዋቂ የተሻለ የሥዕል ቀለም ላምጣላችሁ ትላቸዋለች። ለግማሾቹ አመጣች። ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» ብላ ባዶ እጇን ተመለሰች። ቃሏን የጠበቀችላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ። የቀሩት ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ።

ያንን ሳነብ የኔ ዓርብ መጣብኝ። ልጆቹ መታገስ አልተሳናቸውም። እኔን መጠበቅ ነው የተዉት።

ረቡዕ ጠዋት ፊታቸው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ፈቃድ ወስጄ፣ ወላጆችን አስረድቼ በሚቀጥለው ሳምንት በጠዋት ሄድን። ሐይቁ ረግቶ ነበር። አንድ ሰውዬ በደንገል ታንኳ ሲቀዝፍ አየን። የመስኮት ዳሩ ልጅ አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ በጊዜ እንደሚመለስ ለጓደኞቹ ሲያብራራ ሰማሁት። ከዋርካው አትለፉ ብዬ ነበር። አንድም ልጅ አላለፈም።

አሁን ቃል የምገባው በዚያው ቀን ማድረግ የምችለውን ብቻ ነው። ሰሌዳው ጥግ ላይ እጽፈዋለሁ። ሲፈጸም ልጅ ወጥቶ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ ያደረ እስካሁን አንድ ብቻ ነው።

ያልሠራልኝ ደግሞ ኮከብ መለጠፍ ነው። ኮከቡ እነዚያው ጎበዞች ላይ ብቻ ተከመረ። ሦስት ልጆች አንድም አልነበራቸውም። አንደኛው ኮከብ የምንለጥፍበትን ወረቀት ቀደደው። አልፈረድኩበትም፤ ኮከብ መለጠፉን ተውኩት።

የስሜት ስም ማስተማሩም ገና ነው። ለሁሉም ነገር «ደበረኝ» ይሉኛል። ቢናደድም፣ ቢቀናም፣ ቢርበውም «ደበረኝ» ነው። አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ «አኩርፌያለሁ ማለትን አስቀድሚ» አለችኝ። ልክ ነበረች። ኩርፊያን ሁሉም ከቤቱ ያውቀዋል። ከዚያ ወደ «ተናድጃለሁ» እና «ከፍቶኛል» መሻገር ቀለለን።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ አሁንም ይከብደኛል። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ በዚያ ሰዓት ምንም ጨዋታ አይዘውም። መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ቆርቆሮው ሲግል ምን እንደምንሆን እንጃ። መላ ያላችሁ ንገሩኝ።

የመስኮት ዳሩ ልጅ ይማታል። ቀንሷል እንጂ አልተወም። ትናንት እርሳሱን ወሰዱበት። ተነሳ፤ ቡጢውን ጨበጠ። ልጠራው አፌን ስከፍት ዓይኑን ጨፈነና ጮክ ብሎ «አልነጋም!» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ቡጢው ቀስ እያለ ተፈታ። እርሳሱን የወሰደው ልጅ ራሱ ዴስኩ ላይ አስቀመጠለት። የመስኮት ዳሩ ልጅ ትንሽ ቆየና «ነጋ» አለ፤ ተቀመጠ። የመቀነስ ሒሳባችንን ቀጠልን።