ፍየሏና ምጣዱ

«ምን ትሠራለች?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ስልኬ ላይ የአንዲት አሮጌ መኪና ፎቶ ሳሳያት።

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«በቃ ምንም። እነዳታለሁ።»

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። አልፈርድባትም። አሜሪካ በኖርኩባቸው 22 ዓመታት ሥራ የማትሠራ መኪና ኖራኝ አታውቅም። መጀመሪያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳሁ፣ ክራውን ቪክቶሪያ። ቀጥሎ ካምሪ መጣ። አሁን ፕሪየስ፣ ኡበር። የእኔ መኪና የእርሻ በሬ ነው። ጠዋት ይጠመዳል፣ ማታ ይፈታል። ሲደክም ይሸጣል።

ይቺኛዋ ግን ፍየል ናት። እየቀለድኩ አይደለም። የ1966 (እ.ኤ.አ.) ፖንቲያክ ጂቲኦ ናት፤ አሜሪካኖቹ ሦስቱን ፊደላት አጣመው «ጎት» የሚል ቅጽል ስም አወጡላት። ፍየል ማለት ነው። ሙሉ ስሟ ደግሞ ከፌራሪ የተወሰደ ጣሊያንኛ ነው፦ ግራን ቱሪስሞ ኦሞሎጋቶ። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔ መኪና የተማርኩት ሶማሌ ተራ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ እያልኩ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ። እንግሊዝኛውን ያወቅኩት እዚህ መጥቼ ነው። ለካ አሜሪካኖቹም መኪናቸውን በእኛ ጋራዥ ቋንቋ ሰይመዋታል።

አፈጣጠሯም ተንኮል አለበት። የፖንቲያክ ባለቤት ጄነራል ሞተርስ መካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። እነ መሐንዲሱ ጆን ዴሎሪያን ፖንቲያክ ውስጥ ሆነው መላ አገኙ። የትልቁን መኪና ሞተር፣ 389ኙን፣ ማለትም 6.4 ሊትሩን፣ ለማንስ የምትባለዋ መካከለኛ መኪና ውስጥ ከተቱት። ክልከላው ሞዴልን እንጂ ደንበኛ መርጦ የሚያስጨምረውን ዕቃ አይመለከትም አሉ። እናም በ1964 ጂቲኦ መኪና ሳትሆን 296 ዶላር ገደማ የሚከፈልባት ተጨማሪ ዕቃ ነበረች። ሰው ተሻማባት። በ1966 ራሷን የቻለች ሞዴል ሆነች፤ በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 97 ሺህ ተሸጠ።

ይሄ ለገዢ ትርፍ ወሬ አይደለም። የ1964 እና የ1965 መለያ ቁጥር ጂቲኦን ከተራ ለማንስ አይለይም። ስለዚህ ብልጣብልጦች ለማንሷን ቀባብተው ጂቲኦ ነች ብለው ይሸጣሉ። የ1966 ቁጥር ግን በ242 ይጀምራል። አበቃ። የ1966ን የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ መልኳ ላይ የተደራረቡት የፊት መብራቶችም ትንሽ አሳስተውኛል።

ገንዘቡ ከዕቁብ ነው። 20 ሰው፣ በወር ሁለት ሁለት ሺህ ዶላር። ዕጣው ደረሰኝ። ባለቤቴ ወጥ ቤቱ ይታደሳል ብላ ነበር። እሱን ጉዳይ እዚህ አልገባበትም።

መኪናዋ ሄገርስታውን አጠገብ፣ አንድ አዛውንት ጋራዥ ውስጥ ነበረች። የቀይ ወይን ቀለም፣ ባለ አራት ማርሽ፣ በእጅ የሚቀየር። እሳቸው ጉልበታቸው ታሞ ፍሪሲዮኑን መርገጥ አቅቷቸዋል። የሾፌሩን በር ከፍቼ ምሰሶው ላይ ያለችውን ትንሽ ሳህን በባትሪ አየሁ። 242። ወረድ ብሎ «ቢ» የምትል ፊደል አለች። ባልቲሞር። የተሠራችው ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ፋብሪካው በ2005 ተዘግቷል፤ ዛሬ ቦታው ላይ የአማዞን መጋዘን አለ።

ከዚያ ማግኔቴን አወጣሁ። ከፍሪጅ በር ላይ የነቀልኩት፣ የላሊበላ ሥዕል ያለበት ማግኔት ነው። በሮቹ ላይ ለጠፍኩት፣ ያዘ። ኮፈኑም ላይ ያዘ። ከግራው የኋላ ጎማ በላይ ሳስጠጋው ላሊበላ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ስቱኮ! ከሥሩ ቆርቆሮ የለም ማለት ነው። አዛውንቱ ማግኔቱን አንስተው አገላብጠው አዩት። «ይሄ ቤተ ክርስቲያን ነው?» አሉ። ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው አልኳቸው። ዝም ብለው ትንሽ ቆዩ። 41 ሺህ ያሉኝ በ38 ሺህ ተጨባበጥን። ሦስቱን ሺህ የቀነሰልኝ ቅዱስ ላሊበላ ነው እላለሁ።

ወደ ቤት ስመለስ መሸ። ረጅሙን መብራት ፈለግኩ። መሪው ሥር ያለችው ዘንግ ፍሬቻ ብቻ ናት። ክሩስኮቱን ዳሰስኩ፣ የለም። ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ ያንባርቅብኛል። በመጨረሻ ግራ እግሬ ወለሉ ላይ የሆነች ቁልፍ ነገር ረገጠች፤ ጧ አለች፤ መንገዱ ሁሉ በራ። በእግር ነው! ለካ ያኔ ግራ እግርም ሥራ ነበረው።

ፍሬኑን ግን አላሞግሰውም። አራቱም ጎማ ላይ የድሮው ከበሮ ፍሬን ነው ያለው። ፕሪየስን ለምዶ ለመጣ እግር ሞት ነው። እዚህ ትረግጣለህ፣ እዚያ ትቆማለች፤ ያውም ወደ ቀኝ እየጎተተች። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ የሚባለው ለእሷ ነው። የደኅንነት ቀበቶዋም ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው፤ ደረትህን እግዜር ይጠብቀው። አሁን ከፊቴ ላለው መኪና ሦስት እጥፍ ርቀት እተዋለሁ። ሁልጊዜ አንዱ ይገባበታል።

ፍሬድሪክ ላይ ነዳጅ ልቀዳ ቆምኩ። የነዳጁ ክዳን የት ነው? መኪናዋን ሁለቴ ዞርኳት። ለካ ከኋላው ታርጋ ሥር ነው፤ ታርጋውን ወደ ታች ታጥፈዋለህ። ሞላሁ፣ ከፈልኩ፣ ገባሁ፣ ቁልፉን አዞርኩ። እህ… እህ… እህ… ጸጥ። ባትሪ መሰለኝና ላቤ መጣ። በኋላ ነው የገባኝ። ሞተሩን የምታስነሳው ሞተሪኖ የተቀመጠችው ከጭስ ማውጫው ቱቦ አጠገብ ነው። ሞተሩ ሲግል እሷም ትግላለች፣ ገመዷ ውስጥ ኤሌክትሪክ ማለፍ ይከብደዋል። መድኃኒቱ መጠበቅ ነው። 25 ደቂቃ ጠበቅኩ። በዚያ 25 ደቂቃ ውስጥ ስድስት ሰው መጥቶ የአባቱን፣ የአጎቱን፣ የጎረቤቱን ጂቲኦ አጫወተኝ። በኡበር አምስት ዓመት ያላወራሁትን ያህል እዚያች ማደያ ውስጥ አወራሁ።

ቤተ ክርስቲያን ይዣት የሄድኩ ቀን ደግሞ ሌላ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንድ እናት ጠጋ አሉኝ። እጃቸውን ጣሪያዋ ላይ አሳርፈው አዩዋት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሥራ ቀዘቀዘ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ።»

«ያቺን አዲሷን ሸጥካት?»

«አልሸጥኳትም፤ ቤት ናት።»

አላመኑኝም። «አይዞህ፣ ያልፋል» ብለው የታጠፈች 20 ዶላር መዳፌ ውስጥ ሻጥ አደረጉ። ዋጋዋን እንዴት ልንገራቸው? እግራቸው ላይ ወድቄ ልመልስ ብልም እንቢ አሉ። ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከተትኩት። ነገሩ ግን እውነት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ የ40 ዓመት ዲኤክስ የሚነዳ ሰው ወዶ አይደለም። አሮጌ መኪና ወዶ መግዛት የሚባል ነገር ለእኛ ሰው እንዴት ይገባዋል? ለእኔም ገና በቅርቡ ነው የገባኝ።

የገባኝም በጆርጂያ አቬኑ ወደ ሰሜን፣ ኦልኒን አልፌ ብሩክቪልን እንደጨረስኩ ነው። ቤቶቹ ይሳሳሉ፣ እርሻ ይመጣል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ እስከ ወለሉ ረገጥኳት። ካርቡራቶሩ አራት ጉሮሮ አለው፤ በዝግታ ስትሄድ በሁለቱ ብቻ ትተነፍሳለች። ሁለቱ የኋላዎቹ ሲከፈቱ መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፤ ከኮፈኑ ሥር፣ አየር የምትውጥበት ድምፅ። ከዚያ ወንበሩ ጀርባህን ይገፋሃል። 335 የፈረስ ጉልበት። ጮክ ብዬ ሳቅኩ፣ ብቻዬን። ደረሰኝ የለ፣ ኮከብ የሚሰጠኝ ተሳፋሪ የለ። በአንድ ጋሎን 11 ማይል ነው የምትሄደው፤ ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ። ይሁን።

ሜሪላንድ የሰጠኝ ታሪካዊ ታርጋም ለዕለት ተዕለት ሥራ መመላለሻ አይፈቅድም። ለባለቤቴ አነበብኩላት። «ይኸው፣ በሕግም ሥራ ተከልክላለች» አልኳት።

የእሷ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። «ምጣዱስ?»

እውነቷን ነው። የእኛ ቤት ምጣድ እንደ ብዙ ሐበሻ ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ቤቱ እንጀራ እንዳይሸት። ፍየሏ ገብታ ምጣዱን ጥግ አስያዘችው። ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ቤንዚን ትሸታለች። ቤንዚን ባለበት ምጣድ አይጣድም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ስለዚህ ተስማማን። ጋገራ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፍየሏ ትወጣለች፣ በሩ ተከፍቶ ጋራዡ ይናፈሳል፣ እኔም አብሬያት እወጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ቶሎ ተመለስኩ። ገና 12 እንጀራ ይቀራታል። በምጣዱ ክዳን መንገዱን አሳየችኝ።